«ገበያ ነው» ያልነው ተኩስ

ኮረብታው ከባኮ ወደ አምቦ ሲመጡ ከመንገዱ በስተግራ ነው። ዛሬ በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው አያስተውለውም፤ ባሕር ዛፍ ሸፍኖታል። በ1983 ግንቦት ላይ ግን ራሰ በራ ነበር። እኛ አናቱ ላይ ምሽግ ቆፍረን ከሥር ያለውን ድልድይ እንድንጠብቅ ታዘዝን። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ «ከወለጋ የሚመለሰው ጦር ተሻግሮ እስኪያልቅ ከዚህ አትነቃነቁ።» ከወንዙ ማዶ አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ አለች። ስሟን አልጽፍም። ሰዎቿ ዛሬም እዚያው ናቸው፤ የእኔ ጠብም ከእነሱ ጋር አይደለም።

ስለዚያ ወር የሚወራ ቀልድ አለ። በየሰርጉና በየድንኳኑ እሰማዋለሁ። ወታደሩ ክላሹን በአንድ ጋቢ ለወጠ፤ ሌላው ለመንገዱ ቆሎ ተቀብሎ መሣሪያውን ጥሎ ሄደ። ይወራል፣ ይሳቃል። ከሚያወሩት ብዙዎቹ ያን ጊዜ አልተወለዱም። በቅርቡ ደግሞ አንድ የተማረ ሰው፣ ሕዝቡ ያን ጊዜ በገዛው ጠመንጃ ክብሩን አስጠበቀ ብሎ የጻፈውን አነበብኩ። የጦርነት መጽሐፍ በብዛት አንብቤአለሁ። በመጽሐፍ ውስጥ ጀግና የሚሞተው ጠላቱን ፊት ለፊት እያየ ነው። እኛ የሞትነው ገበያ የዋለ መስሎን ነው። ስለዚህ ሳቁን ላፍታ ተዉና ስሙኝ።

ከወለጋ የሚመለሰው ጦር፣ ጦር አይመስልም ነበር። ሦስትና አራት እየሆነ ይመጣል። ድልድዩን ከመሻገሩ በፊት ገበያው ዳር ይቀመጣል፤ ጫማውን አውልቆ የቆሰለ እግሩን ያያል። ርቦታል። የለበሰው ልብስ ወታደር መሆኑን ከሩቅ ይናገርበታል። ገበሬው በበኩሉ መንግሥት ሊፈርስ መሆኑን ከእኛ ቀድሞ አውቋል። ከብት አለው፤ ሌባ አለበት፤ ነገ ማን እንደሚገዛው አያውቅም። አንዱ መሣሪያ አለው፣ ሱሪ የለውም። ሌላው ሱሪ አለው፣ መሣሪያ የለውም። ንግድ ሁለቱንም ወገን ይጠቅማል የሚሉ ምሁራን ያን ገበያ ቢያዩት እንዴት ደስ ባላቸው!

በዚያ አገር ግን ጠመንጃ ሳይተኮስ አይገዛም። ገዢው ተቀብሎ ያገላብጠዋል፤ ሰደፉን ያንኳኳል፤ አፈሙዙ ውስጥ በአንድ ዓይኑ ያያል። ከዚያ ከሻጩ ጋር ከገበያው ጀርባ ወዳለው ገደል ይወርዱና አንድ ጥይት ወደ አፈሩ ይለቃል። በሬ የሚገዛ ሰው በሬውን ወዲያና ወዲህ አስኪዶ እንደሚያየው ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ተኩስ የሰማን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁላችንም ምሽግ ውስጥ ተወረወርን። እኔ የአንዱ ጫማ ላይ በአፍንጫዬ አረፍኩ። ቆይቶ ሌላ ጥይት። ዝምታ። ደግሞ ሌላ። ቶሎሳ ብቻ ቀና ብሎ ይስቃል። ቶሎሳ የካቺሲ ልጅ ነው። ከመካከላችን ለቤቱ የቀረበው እሱ ነበር፤ ሁለት ቀን ቢራመድ እናቱ ደጅ ይደርሳል።

«አንተ ምን ያስገለፍጥሃል?» አለው ሃምሳ አለቃ በቀለ።

«ገበያ ነው፣ ሃምሳ አለቃ። እየሞከሩ ነው።»

«ምኑን?»

«ዕቃውን ነዋ! እኛ አገር ዝም ብሎ አምኖ የሚገዛ ሰው የለም።» ወደ እኔ ዞሮ ጨመረ፤ «ፕሮፌሰር፣ ተነስ እንጂ፤ አልሞትክም።»

ፕሮፌሰር የሚሉኝ በሻንጣዬ ውስጥ መጽሐፍ ስለማይጠፋ ነበር። ተነሣሁ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኩስ በሰማን ቁጥር አንዳችን «ገበያ ነው» ይላል፤ ካርታ የሚጫወተው ካርታውን፣ ቅማል የሚለቅመው ቅማሉን ይቀጥላል።

ያልሳቀው ሃምሳ አለቃ በቀለ ብቻ ነበር። ፀጉሩ የሸበተ፣ ከእኛ ሁሉ በላይ ጦርነት ያየ ጎጃሜ ነው። በሚቀጥለው ገበያ ቶሎሳንና እኔን አስከትሎ ወረደ። ገበያው የሚሰማቸው አንድ ሽማግሌ አሉ ተባለ፤ ኦቦ ደበላ። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ቶሎሳ ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ፤ ሽማግሌው እጁን ይዘው የአባቱን ስም ጠየቁት፣ አወቋቸው፣ ከዚያ በአማርኛ ወደ እኛ ዞሩ።

«ደግሞ እናንተ ምን ልትሸጡ ነው?»

«ምንም፣ ኦቦ» አለ በቀለ። «ልለምንዎ ነው የመጣሁት። ይሄ ተኩስ ይቁምልኝ።»

«ሰው ያላየውን ዕቃ እንዴት ይግዛ? ከናንተ ወታደር አንዱ ቃታው የማይሳብ ክላሽ ለእህቴ ልጅ ሸጦ ነጎደ። ማን ዘንድ ሄጄ ልክሰስ?»

«እሱን አልክድም። ግን እኔ ኮረብታው ላይ የሰው ልጆች ይዣለሁ። ዛሬ የሚተኮሰው ገበያ ነው። ነገ ጠላት ሲመጣ በምን ልለየው?»

ኦቦ ደበላ ወደ ኮረብታው ቀና ብለው አዩ። ከዚያ፣ «እውነትህን ነው» አሉ።

ተስማሙ። ሙከራ ከገደሉ ሌላ የትም አይደረግም። ነጠላ ጥይት ብቻ ይተኮሳል፤ ማንም አከታትሎ አይተኩስም። በቀለ ተመልሶ አሰለፈንና፣ «አንድ ጥይት ገበያ ነው። ከተከታተለ ጠላት ነው። የእናታችሁን ስም ብትረሱ ይቺን አትርሱ» አለን። ሽማግሌው ቃላቸውን ጠበቁ። እነዚያ ገበሬዎች፣ ማንም ያላዘዛቸው ገበሬዎች፣ ከገቡልን ስምምነት ዝንፍ አላሉም። ይህን የምጽፈው ጥፋቱን ገዢው ላይ መለጠፍ የሚወዱ ስላሉ ነው።

ስምምነቱን ያፈረሰው የእኛው ወገን ነው።

መሣሪያ የመሸጡ በሽታ መጀመሪያ በመንገደኛው ጦር ነበር፤ ከዚያ ወደ እኛ ወጣ። የታመመና የሞተ ሰው ክላሽ ጠፋ። ቀጥሎ የጤነኛ ሰው ክላሽ ጠፋ። ጠዋት ለቆጠራ ስንሰለፍ ከፊተኛው ረድፍ የተቆጠረ መሣሪያ በጀርባ በኩል ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ኋለኛው ረድፍ ላይ እንደገና ይቆጠራል። የመቶአችን አዛዥ፣ መቶ አለቃው፣ ያያል፤ ያልፋል። እኔ የእኔን አልሸጥኩም። ስለ ጨዋነቴ እንዳልመሰገን እውነቱን ልናገር፤ ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ ስለነበር የጠየቀኝ ሰው የለም።

ሁለት መትረየስ ነበሩን። አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ በቀለ ከመቶ አለቃው ጋር ሲነጋገር ከምሽጉ ሆነን ሰማን። የመቶ አለቃውን ስም አልጽፍም፤ ልጆች አሉት።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ አንዱ መትረየስ የት ሄደ?»

«ነገ ለኦቦ ደበላ አስረክበዋለሁ። ለመንደሩ ነው የገዙት፤ ተዋጥተው።»

«የመቶው መሣሪያ እኮ ነው!»

«የቱ መቶ? ትእዛዝ የሚሰጠኝ ሰው ራሱ አዲስ አበባ ላይ ልብሱን እየቀየረ ነው። ስማኝ፣ በቀለ፤ ነገ ጠዋት ይሞክሩታል። መትረየስ በአንድ ጥይት አይሞከርም፤ አከታትለው ይተኩሳሉ። ለወታደሩ ንገር፤ እንዳይደናገጥ። ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው ‹ልጆቹ እንዳይሸበሩ ንገርልኝ› ያሉት። ጨዋ ሰው ናቸው።»

«ጠላትስ ቢመጣ?»

«ሲመጣ ታየዋለህ።»

በቀለ ወደ እኛ መጥቶ ነገረን። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ወታደር ነውና የታዘዘውን ተናገረ፤ «ነገ ጠዋት ሩምታ ብትሰሙ መትረየስ እየሞከሩ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናንተ ግን ተነሡ። እባካችሁ ተነሡ» አለ። እሺ አልነው።

ቅዳሜ ነጋ። ጭጋጉ ሸለቆውን ሞልቶ ድልድዩ አይታይም ነበር። ድልድዩ ላይ ሁለት ዘብ ነበሩን። አንዱ ቶሎሳ ነው። ቋንቋውን ስለሚያውቅና ገበያተኛው ስለሚወደው ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ይመደባል። ሲወርድ፣ «ፕሮፌሰር፣ ጎመን ዘር ላምጣልህ? ጦርነቱ ሲያልቅ ትዘራዋለህ» ብሎኝ ነበር።

ፀሐይ ትንሽ ሞቅ እንዳለች ሩምታ ተሰማ። ረጅም ነበር። ቆም አለ፤ ደገመ።

ማንም አልተነሣም።

«ጥሩ ይሠራል» አለ አንዱ።

«ኦቦ ደበላ ዛሬ አገር ገዙ!»

«ቀስ በሉ በሏቸው፤ ጥይቱን ጨረሱት እኮ።»

ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ። በቀለ ብቻ ቆሞ አንገቱን አዘንብሎ ያዳምጣል። ከዚያ ጮኸ፤ «ገደሉ በስተግራ ነው! ይሄ ከድልድዩ ነው!» እኛ ገና ተያይተን ሳንጨርስ እሱ ከምሽጉ ወጥቶ ጭጋጉን ለማየት ወደ አፋፉ ሮጠ። «ተነሡ! ገበያ አይደለም!» ሁለተኛ ሊደግመው አፉን ከፈተ። ወደቀ።

ከዚያ ተነሣን።

ጭጋጉ ውስጥ ጥላ ይታያል፤ ወደ ጥላው እንተኩሳለን። የቀረን መትረየስ አንድ ዝናር ጨረሰ፤ ሁለተኛውን የሚያቀብለው ሰው ተመታ። ቀኝ ክንፋችን ከሁለት ጠመንጃ ያዦች በቀር ባዶ ነበር። እዚያ መቆም የነበረበት የተሸጠው መትረየስ ነው። በዚያ በኩል ወጡብን። ክላሻቸውን የሸጡ ሁለት ልጆች አጠገቤ ተኝተው የሞተ ሰው መሣሪያ እስኪያገኙ ይጠብቃሉ። አንደኛው፣ «ያንተ ሲያልቅ ስጠኝ» አለኝ። ያለው ጥይቴን ይሁን ዕድሜዬን አላውቅም። ሳልሰጠው ሞተ። ሁለተኛው ተነሥቶ ሲሮጥ ተመታ። መቶ አለቃውን ፈለግነው። አልነበረም። በኮረብታው ጀርባ ወረድን፤ ጥሻ ውስጥ ተኛን። ያጠቁን ሰዎች ድልድዩን ይዘው ወደ አምቦ አለፉ። ለእኛ ጊዜ አላባከኑም። ከቀትር በፊት ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኮረብታው ስንመለስ ኦቦ ደበላ ከመንደራቸው ሰዎች ጋር አካፋና ዶማ ይዘው ወጥተዋል። አንድ ሰው መትረየሱን ተሸክሟል። ሽማግሌው የበቀለን ፊት በራሳቸው ነጠላ ሸፈኑ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ልጄ» አሉ፣ «እኛ አልሞከርነውም። መቶ አለቃው ማለዳ አምጥቶ ሰጠኝ፤ ጋቢ ለብሶ ነበር። ‹ጭጋጉ ሲነሣ ሞክሩት› ብሎኝ ሄደ። ጭጋጉ እስኪነሣ እየጠበቅን ነበር። እኛ አንድም አልተኮስንም።»

መትረየሱን ከመቃብሮቹ አጠገብ አስቀመጡት። ቤታቸው ይዘውት መግባት እንዳልቻሉ ገባኝ። ማምሻውን ቦታው ላይ አልነበረም። ማን እንደወሰደው አላውቅም፤ እንደተሸጠ ግን አልጠራጠርም።

መቶ አለቃው ዛሬ በሕይወት አለ። ከዓመታት በኋላ እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ሰርግ ላይ አየሁት፤ የክብር ቦታ ሰጥተውታል። የክላሽና የጋቢውን ቀልድ ሲያወራ ሰማሁት። ደህና አድርጎ ያወራዋል፤ ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሳህኔን አስቀምጬ ወጣሁ። ፈሪ ነው የሚለኝ ይኖራል። ይበለኝ።

ስምንት ሰው ቀበርን። ሃምሳ አለቃ በቀለን፤ ከድልድዩ ሥር ያነሣናቸውን ሁለት ዘቦች፤ የመትረየሱን አቀባይ፤ በቀኝ ክንፍ የወደቁ ሁለት ልጆችን፤ መሣሪያ ያልነበራቸውን ሁለቱን። ከስምንቱ ሁለቱ ሻጮች ነበሩ፤ ይህን አልደብቅም። ጠመንጃ ከሰው ለሰው ሲሸጥ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው ይባላል፤ አንዱ ሻጭ፣ አንዱ ገዢ፣ ሌላው ምን አገባው። የቀሩት ስድስቱ ከማንም ጋር አልተዋዋሉም።

በዚያው ክረምት መጀመሪያ ካቺሲ ሄጄ ለቶሎሳ አባት የነገርኩት እኔ ነኝ። ቤት አስገቡኝ፤ ውሃ ሰጡኝ፤ እስክጠጣ ጠበቁኝ። ልጃቸው ድልድይ ሲጠብቅ እንደሞተ፣ እኛ ከእሱ በላይ ኮረብታው ላይ እንደነበርን ነገርኳቸው። ርቀቱን ጠየቁኝ። ከደጃቸው ላይ አሻግሬ የጎረቤታቸውን ማሳ አሳየኋቸው። ማሳውን ብዙ ጊዜ አዩት።

«ታዲያ ተኩሱን አልሰማችሁም?» አሉኝ።

«ሰምተናል» አልኳቸው።