የክፉ ቀን ስልቻ

የሻረግ ዋሻው ውስጥ ስልቻውን ፈትታ እጇን ሰደደች፤ የያዘችው ግን በሶ ሳይሆን ቋንጣ ነበር።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ጀምሮ ስልቻው በሶ፣ ጨውና ክብሪት ተሞልቶ ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ ከርሟል። ዛሬ ወታደሮቹ መንደሩን ሲከቡ እሱን ብቻ አንግታ ከባሏ ከፈረደ ጋር ሮጠች።

«አንተ ሰው፣ በሶዬስ?»

«ጾሙ ሲገባ በላሁት። ጎድሎ እንዳይንጠለጠል ከቅበላ የተረፈውን ቋንጣ ሞላሁበት።»

«ሁዳዴ መሆኑን እያወቅህ?»

«ቋንጣ ጉልበት ይሰጣል ብዬ ነዋ!»

«ለማን? ለጅብ? ስንት ቀን እንደምንደበቅ እንኳ አናውቅም!»

«ታዲያ ከጾሙ እንዲፈቱን የንስሐ አባታችንን ልጥራቸው?»

«ጥራ! ባንዳውም አብሮ ይሰማሃል።»

ጨው እየላሱ፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ውሃ ጠጡ። ወታደሮቹ በአራተኛው ቀን ሄዱ። ቋንጣው የተበላው ለፋሲካ ነው።