ለፋሲካ የተቀመጠው ክኒን

እህቴ የበኩር ልጇን ልትወልድ ከሞጣ ወደ ቢቸና፣ ወደ እናታችን ቤት የመጣችው ሁዳዴ እንደገባ ነው። ከበቅሎዋ ስትወርድ ሳያት ክው አልኩ። ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። እኔ ታናሿ ነኝ። ያን ጊዜ ከባሌ ተጣልቼ ተመልሼ ስለነበር በዚያ ቤት ቃሌን ከቁም ነገር የሚቆጥር አልነበረም።

ከመቀነቷ በጨርቅ የተቋጠረ ቀይ ክኒን አወጣች። የሞጣው ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ከሐረር ተመድቦ የመጣ ሰው፣ የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አይቶ "ደም የለሽም" ብሏታል። በየቀኑ ጠዋት ቁርስ በልታ እንድትውጥ፣ ጉበትና እንቁላልም እንዳይለያት አዟታል።

"ቁርስ? ጉበት? በሁዳዴ?" እናቴ አማተበች። "እሱስ ምን ያውቃል፣ የሰው አገር ሰው!"

"አትቆጪ እምዬ" አለች እህቴ እየሳቀች። "ይሄ ሁሉ የፋሲካ ነው። ያኔ ከእንቁላሉ ጋር እውጠዋለሁ።" ቋጠሮውንም ለፋሲካ የሚጠራቀመው እንቁላል ከተቀበረበት የጤፍ እንቅብ ውስጥ ከተተችው።

የንስሐ አባታችን ሲመጡ ነገርኳቸው። እሳቸው እንኳ "ለነፍሰ ጡር ይፈቀዳል፤ መድኃኒትሽን ውሰጂ ልጄ" አሏት። "እሺ አባ" ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች። አልዋጠችም። ጎረቤታችን እርጉዝ ሆና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ እናቴም ጠዋት ማታ እሷን ታወድሳለች። እህቴ ከዚያች ሴት አንሳ መታየት አልፈለገችም። ይኸው ነው ምክንያቱ! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ አፈር አማራት። የጓዳውን ግድግዳ በጥፍሯ እየፋቀች ስትበላ አገኘኋት። እርጉዝ ያማራትን ካጣች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላልና፣ እናቴ ከወንዝ ዳር አፈር አስመጥታ፣ በወንፊት ነፍታ በሳህን አቀረበችላት። አፈር ሰፍራ!

"አፈሩ ጠዋት ይበላል፣ ክኒኑ ፋሲካን ይጠብቃል?" ብዬ ጮህኩ።

"አንቺ መጀመሪያ ባልሽን ያዥ" አለችኝ እናቴ። እህቴ ሳህኑን በጣቷ ጠረገችው።

ሆሳዕና ደረሰ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም፤ ስለዚህ በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሁሉ ጸሎቱ ሆሳዕና ዕለት ቀድሞ ይደርሳል። ሰው በቁሙ ይፈታል። እህቴ የዘንባባ ቀለበቷን አጥልቃ፣ ትከሻዬን ተደግፋ ቆማለች። ቄሱ ሲያነቡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ባለተራው ማን ይሆን?" አለችኝ።

"አታሟርቺ!" አልኳት። እጇ አንገቴ ላይ በረዶ ነበር። ልቤ ያን ቀን አወቀው።

ሐሙስ ምጥ ያዛት። ሴቶቹ "ማርያም፣ ማርያም" ሲሉ ዋሉ። ልጅቷ በደህና ተወለደች። ደሙ ግን ቶሎ አልቆመም። አዋላጇ "ኧረ ይሄ ሌላዋን ሴት የሚጎዳ አይደለም፣ ኧረ ምን ሆነች?" እያለች ሆዷን ታሻለች። እህቴ የሚፈስ ደም እንጂ የሚተርፍ ደም አልነበራትም። ልጇን አንዴ አየቻት፣ "በረደኝ" አለች፣ በዚያው ሄደች።

በስቅለት ቀበርናት። ፍትሐት የለም፤ ጸሎቷን አጠገቤ ቆማ ሰምታዋለች።

በፋሲካ ለቀስተኛው የሚገድፍበት ጠፋ። እናቴ እንቁላል ልታወጣ እጇን ጤፉ ውስጥ ሰደደች፣ ቋጠሮውን አወጣች። ፈታችው። አንዱም አልጎደለም። ጓዳ ሕፃኗ ታለቅሳለች። እናቴ ቀዩን ክኒን መዳፏ ላይ ዘርግታ ብዙ አየችውና ወደ እኔ ዞረች።

"ቁርስ ከበላች በኋላ ነው ያላት፣ አይደል?" አለችኝ።