በኅዳር ሚካኤል ቀን የተቀየረው ሀርድ ዲስክ

ሙት ወቃሽ የሚለኝ ይኖራል። ይበለኝ። የባሌን ወንድም በሕይወቱ ሳለ ፊት ለፊት ተናግሬዋለሁ፤ አሁን የምጽፈው ያን ጊዜ የእሱን ብቻ ሰምተው ለፈረዱ ነው። ሁሉንም ግን አልጽፍም። የሚቀረው ለእኔ ይቅር።

ባሌ ሲሞት የተወልኝ ደባርቅ ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከኋላዋ መኖሪያችን አለ፤ ከጎኗ፣ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተለይቶ፣ የወንድሙ የብየዳ ቤት። በርና መስኮት፣ የአልጋ ብረት፣ የግቢ መዝጊያ ይሠራል። የባሌ አርባ በወጣ በሳምንቱ መጥቶ ክፍሏን ለብረት ማስቀመጫ መቼ እንደምለቅለት ጠየቀኝ። ትለቂልኛለሽ ወይ አላለም፤ መቼ ነው ያለው። አልለቅም አልኩት። ታላቅ ስለሆነ ፊት ለፊት “እርስዎ” ስለው ኖሬያለሁ፤ በወረቀት ላይ ግን አልለውም።

እኔ በወረዳ ጽሕፈት ቤት በጽሕፈት መኪና ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ኮምፒውተር ሲገባ አይችሉትም ተብዬ መዝገብ ቤት ተወረወርኩ። ያለኝንም ሰው አልረሳሁትም። ጡረታ ስወጣ፣ ዳባት ጤና ጣቢያ ነርስ የሆነችው ልጄ ጌም ቤት ክፈቺ አለችኝ። ጓደኞቿ ጎንደር ላይ ከፍተው ሲተዳደሩበት አይታለች። በመተማ በኩል ከሱዳን የገባ የጌም ማሽን፣ ሁለት ጆይስቲክና አንድ ሰፊ ቴሌቪዥን በሚኒባስ ጭና አመጣችልኝ። ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

ሰው መጣ። ከተራራው ፓርክ የተመለሱ አስጎብኚዎች፣ የአይሱዙ ረዳቶች፣ ደመወዝ የወጣላቸው አስተማሪዎች። ከላይ ከጊች መንደር በቅሎ ይዘው የሚወርዱት ገበሬዎች አይጫወቱም፤ በሩን ተደግፈው ያያሉ። አንዱ የኳስ ሜዳውን ሲያይ ቆይቶ፣ ይህን የመሰለ ሣር እያላቸው ሰው ያስረግጡበታል ብሎ አዝኖ ሄደ። ኑሮዬ በዚያች ክፍል ሆነ። ጡረታ ምን ያህል እንደሚያደርስ ጡረታ የወጣ ያውቀዋል።

የባሌ ወንድም የሰበካ ጉባኤ አባል ነበር። አንድ ቀን በሚካኤል ማኅበር ላይ ተነሥቶ የሟች ወንድሜ ቤት የሰይጣን መጫወቻ ሆነች፣ በዓል እንኳ አይከበርባትም አለ። ነገሩ ወደ ሁለት ሽማግሌዎች ሄደ። አንዱ የሁለታችንም የነፍስ አባት ናቸው፤ ሌላው ከአምባ ጊዮርጊስ መጥተው ደባርቅ የከተሙ የእህል ነጋዴ። የወሰኑት ይህን ነው፤ በበዓል ቀን በክፍሏ ምንም ሥራ አልሠራም፤ ከሠራሁ ዘግቼ ለእሱ አከራያታለሁ። ምን ልበል፣ እሺ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ከመነሣታቸው በፊት እሱን አመሰገኑት። ሥራ ተደራርቦበትም ቢሆን በበዓል ቀን ብረት የማይነካ ሰው ነው አሉ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ምስጋናውን ተቀበለ። ያን አንገት ደፍቶ መቀበሉን ነው ዛሬም የማልረሳው።

በሁለተኛው ዓመት ማሽኑ ሞላ። ሆዱ ውስጥ ጨዋታዎቹ የሚቀመጡበት ሀርድ ዲስክ የሚባል ነገር አለ፤ ጎተራ ማለት ነው። አዲስ የኳስ ጨዋታ ሲመጣ መጫኛ ቦታ ጠፋ። አሮጌውን ላጥፋ ስል የአሮጌው ወዳጆች ይቆጣሉ፤ ላቆየው ስል የአዲሱ ፈላጊዎች ይሄዳሉ። በዚያው ሰሞን መናኸሪያው አጠገብ ሌላ ጌም ቤት ተከፈተ፤ ማሽኑ አዲስ ነው፣ ጨዋታው አዲስ ነው። ደንበኞቼ በደጄ አልፈው ወደዚያ ሲወርዱ አያለሁ። ሰላም ይሉኛል፤ አይቆሙም። ቀን ቀን ደጃፍ ላይ እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ የጠረግሁትን መልሼ እጠርጋለሁ።

ልጄ ከጎንደር ከተበላሸ ላፕቶፕ የወጣ ሰፋ ያለ ሀርድ ዲስክ ይዛልኝ መጣች። ሥራውን በቃል አስረዳችኝ። በመጀመሪያ ያለው ሁሉ ከማሽኑ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። ከዚያ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባል። አዲሱ ባዶ ስለሆነ ማሽኑ የሚነሣበት ፕሮግራም ከፍላሽ ይጫንበታል፤ ጨዋታው የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ሲጫን መብራት ከተቋረጠ ማሽኑ ተመልሶ ላይነሣ ይችላል አለችኝ። እንግዲህ የእኔ ጎረቤት በያጅ ነው። ብየዳ ሲጀመር የእኛ አምፖል ይጨልማል፣ ማሽኑም አንዳንዴ ይጠፋል። በአዘቦት ቀን ለመገልበጥ ሞክረን ገና ሳይጋመስ አጠፋብን። ማታ ደግሞ ከተማው ሁሉ ሲያበራ ኃይሉ ይደክማል።

ደባርቅ ውስጥ መብራት ደህና ሆኖ የሚውለው በበዓል ቀን ነው። ወፍጮው ይዘጋል፣ በያጁ ይዘጋል፣ አናጢው መጋዙን ያስቀምጣል። ፎቶ ቤቱም፣ ቴሌቪዥን የሚጠግነውም ይህን ያውቃሉ፤ ለስስ ሥራቸው በዓል ይጠብቃሉ፣ በራቸውን ዘግተው። እኔም ኅዳር ሚካኤልን መረጥኩ። የገባሁትን ቃል ረስቼ አይደለም። ማንም አይጫወትም፣ ማንም አያይም፣ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ማኅበር ይሄዳል ብዬ ነው።

ጠዋት ተሳልሜ ስመለስ ልጄ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከዳባት ደርሳለች። በሩን ዘጋን፣ መጋረጃ ጣልን። ውጭ ሰፈሩ እንደ ቀኑ ልማድ ጥራጊውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ጢሱ በበሩ ሥር ይገባል። መገልበጡ ብዙ ቆየ። ልጄ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አያለሁ፣ እመልሳለሁ። “እማ፣ እሱ እንደሆነ ስታዪው አይፈጥንም” አለችኝ።

ሲያልቅ ማሽኑን ነቅላ አጋደመችው። ሽፋኑ ሥር አንዲት ሰማያዊ ብሎን አለች። አልፈታ አለቻት፤ ጭንቅላቷ ሊላጥ ሆነ። ካቻቪቴውን ተቀበልኳት። የጽሕፈት መኪናዬን ብሎን ለዓመታት ራሴ ነበርኩ የማጠብቀው፤ መጀመሪያ ወደ ታች ተጭኖ ነው የሚዞረው። ፈታኋት። ዲስኩ ከነቤቱ ተንሸራቶ ወጣ፤ ከኪስ የጸሎት መጽሐፍ አይበልጥም። አዲሱን በቦታው አስረን መልሰን ሰካን። ፍላሹን ከተትን። በቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ቀስ እያለ ይሞላ ጀመር።

መስመሩ ሳይጋመስ አምፖሉ ጭል አለ። ደመቀ። እንደገና ጭል አለ።

ልጄ ደነገጠች፤ መብራት ሊሄድ ነው አለች። መብራት ሊሄድ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። መብራት ሲሄድ አካሄዱ ሌላ ነው። ይህ አጭር አጭር ንክኪ ነው፤ ከዚያ ረዘም ያለ፤ ከዚያ ዝምታ። ብረቱን ነካ ነካ አድርጎ ያያይዛል፣ ይስባል፣ ከዚያ ቅርፊቱን ያራግፋል። ከብየዳ ጎን የኖረ ሰው ይህን ተኝቶም ያውቀዋል።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። የብየዳ ቤቱ በር ከውጭ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ትልቅ ነው፣ ከሩቅ ይታያል። በበሩ ሥር ግን ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ ይላል። ሠራተኛውን ውስጥ ቆልፎበት ማኅበር ሄዷል። ሽታው እንኳ በጥራጊው ጢስ ተሸፍኗል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ሚስቱ ከግቢያቸው በር ሆና አየችኝ። እኔ ቤቴ ስገባ እሷ በበዓል እየሠራች ነው ብላ ወደ ማኅበሩ ሰው ላከች። ቀድሞ የከሰሰ ያሸንፋል ብላ ነው።

ስገባ ቴሌቪዥኑ ጠቁሯል። ልጄ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ማሽኑን ታያለች። “ጠፋ” አለችኝ። ደጋግማ ብትጫነው ቀይ መብራቱ ብልጭ ብሎ ይቀራል። ያን ጊዜ ያሰብኩትን አልጽፍም። ብዙ ከሞከረች በኋላ ተነሣ፤ ፍላሹን ደግሞ ጠየቀ፤ መስመሩ ከባዶ ጀመረ። በሩ የተንኳኳው ይኼኔ ነው።

እሱና ሁለቱ ሽማግሌዎች ሦስት ሆነው ገቡ፤ ነጭ ለብሰው፣ የማኅበሩ ጠላ ሽታ ይዘው። የባሌ ወንድም ገና ከበሩ ቴሌቪዥኑን በእጁ አሳያቸው። ቃሏን በሚካኤል ቀን በላች፣ እንግዲህ ቤቲቱን ትዝጋ አለ። እኔ የተጫወተ ሰው የለም፣ የተበላሸ ነው የምናበጀው አልኩ። የነፍስ አባታችን ሥራ ሥራ ነው ልጄ አሉኝ፤ ድምፃቸው ክፉ አልነበረም፣ ግን ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ክፍሏ ከእጄ ስትወጣ አየኋት። ልጄ ከማሽኑ ፊት አልተነሣችም።

አምፖሉ ጭል አለ።

ቄሱ ቀና አሉ። ደመቀ፤ ደግሞ ጭል አለ፣ ረዘም አለ። ሦስቱም አዩት። የባሌ ወንድም ዝም ቢል ይሻለው ነበር፤ ግን የደባርቅ መብራት መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። “ይህ ምንድን ነው ልጄ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ አባቴ። ብየዳ ሲበየድ እንዲህ ይላል። ግን ዛሬ ሚካኤል ነው፤ እሳቸውም ብረት አይነኩም።”

እህል ነጋዴው ሽማግሌ ብዙ አይናገሩም። እጃቸውን ወደ እሱ ዘረጉ። “ቁልፉን ይስጡኝ” አሉት። ምን ቁልፍ አለ። እጃቸውን አላጠፉም። ከጋቢው ሥር አውጥቶ ሲሰጣቸው፣ ለቤተ ክርስቲያን በር ነው የማሠራው፣ ለበረከት ነው አለ።

ሽማግሌው ሄደው ለመመለስ ጊዜ አልፈጀባቸውም። አምፖሉ ቀጥ ብሎ በራ። ተመልሰው ቁልፉን ጉልበቱ ላይ አኖሩለት።

“በሮቹ የክፍል ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ከመቼ ወዲህ ነው አልጋ የምታከራየው?”

ለመንገዱ ማዶ ፔንሲዮን የታዘዙ በሮች ነበሩ፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ልጄ ሳቋን ለመያዝ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። እኔ አልሳቅሁም። ቀጥሎ የሚመጣውን እየጠበቅሁ ነበር።

የመጣውም ያሰብኩት ነው። ሁለታችሁም በዓል ሽራችኋል አሉ ቄሱ፤ ሁለታችሁም እኩል ትሰግዳላችሁ፣ እኩል ጧፍ ታገባላችሁ። የክፍሏ ነገር ከእንግዲህ አይነሣ፤ የእሷ ናት። እኩል ያሉት አልዋጥልሽ አለኝ። ሠራተኛ ቆልፎ በስውር የሚያሠራ፣ በዚያው ቀን ሰውን የሚከስስ፣ ከእኔ ጋር እኩል። ግን ክፍሏ የእሷ ናት ብለዋል፤ ስለዚህ አፌን ዘጋሁ።

ይቅር ተባባሉ አሉን። ታናሽ አንቺ ነሽ ቅደሚ አሉኝ። ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ። እሱ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን አለ። “ይበለን” ነው ያለው። ራሱን በብዙዎች መካከል ደብቆ። ሽማግሌዎቹ ይህ በቃቸው።

ቄሱ ለመሄድ ተነሥተው ነበር፤ መስመሩን ሲያዩት ተመልሰው ተቀመጡ። ምን ቀረው አሉ። ልጄ ትንሽ ነው አባ፣ ካሁን በኋላ ካልተቋረጠ ያልቃል አለቻቸው። ከጀመራችሁት ጨርሱት፣ በግማሽ የቀረ ነገር ደግ አይደለም አሉ፤ ሳያልቅም ከወንበራቸው አልተነሡም። የባሌ ወንድም ቀድሞ ወጣ። መስመሩ ሞላ፤ ማሽኑ ጠፍቶ ራሱ ተነሣ። ጨዋታዎቹ እስኪመለሱ መሸ፤ ልጄ የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጣት ሳትበላ ሮጠች።

በማግስቱ ማልጄ ከፈትኩ። አዲሱ የኳስ ጨዋታ ከአሮጌው ጎን ተቀምጧል፣ ቦታም ተርፏል። ሰው ስለ በሮቹ ቁጥር ሰምቷል፤ ለጨዋታ የመጣውም ለወሬ የመጣውም ክፍሏን ሞላት። አስጎብኚዎቹ ከመናኸሪያው ተመለሱ። የሆነውን እንድነግራቸው ለመኑኝ፤ ተጫወቱ ብቻ አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ ግን አልተቀመጥኩም። በር ላይ ጥላ ባየሁ ቁጥር እነሣለሁ። ያ ልማድ ሆኖ ቀረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ልቀቂ አላለኝም። ጊዜው ራሱ ግን ሌላ ሆነ፤ ጨዋታው ሁሉ ወደ ስልክ ገባ፣ ሰው አንድ በአንድ ቀረ። ማሽኑን ልጄ ወደ ጎንደር ስትዛወር ወሰደችው። የባሌ ወንድም ከሞተ በኋላ ልጆቹ መጥተው ነበር። አነጋገራቸው መልካም ነው፤ ቡና ይዘው መጡ፣ እናታችን አሉኝ። የብየዳ ቤቱን ለማስፋት ክፍሏን በጥሩ ኪራይ እንድሰጣቸው ጠየቁ። እነሱ ምንም አልበደሉኝም። አላከራይም አልኳቸው፤ ምክንያት ሲጠይቁኝም የለኝም አልኩ።

ልጄ በስልክ ባዶ ቤት ምን ያደርግልሻል ትለኛለች። ጠዋት ጠዋት ከፍቼ እጠርጋታለሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ መንገዱን ትንሽ አያለሁ፣ ከዚያ እቆልፋታለሁ።