የአንድ ሰው ባቡር

እጄ ቶሎ ይነሳል፤ አልደብቅም። በሰው አገር፣ ትሮስተሩድ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት ሽማግሌ ግን ቀደሙኝ፤ በመዶሻ መቱኝ።

የኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ የቤት ለቤት ረዳት ሆኜ በየማክሰኞው ቤታቸውን አጸዳ ነበር። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በገዛ እጃቸው አሥራ አንድ ዓመት የሠሩት የእንፋሎት ባቡር ሞዴል አለ፤ ክንድ ተኩል የሚረዝም፣ ሰማያዊ። እውነተኞቹ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ስኮትላንድ ውስጥ የመንገደኛ ፉርጎዎችን በፍጥነት ይጎትቱ የነበሩ ጥቂት ባቡሮች ናቸው፤ ሁሉም ተቆራርጠው ቀልጠዋል።

«እያንዳንዷ ለአንድ ነጂ ነበር የምትሰጠው» ይሉኝ ነበር። «ሌላ ሰው እጁን አያሳርፍባትም።»

እኔ የሽማግሌ ወሬ መስሎኝ እሺ፣ እሺ እያልኩ ወለሉን እወለውላለሁ።

አንድ ማክሰኞ ልጃቸው ከሰዓት እንደምትመጣ ነገሩኝ። እንግዳ እየመጣ ጥቀርሻ የለበሰ ዕቃ ሳሎን መሃል ይቀመጣል? የኛ ሰው ይህን አይችልም። ሻወር ገብተው እስኪወጡ ባቡሯን በሳሙናና በድስት ማጠቢያ ሽቦ ፈተግኳት። ሰማያዊው ቀለም መላጥ ሲጀምር እንኳ አልቆምኩም።

ወጥተው አዩ። «ጥቀርሻውን ክረምቱን ሙሉ በቀጭን ብሩሽ የቀባሁት እኔ ነኝ!» ብለው ባቡሯን የሠሩባትን ትንሽ መዶሻ ከጠረጴዛው አነሱና የእጄ አንጓ ላይ አሳረፉብኝ። ሁለተኛውን ትከሻዬ ላይ። ዓይኔ ጨለመ። በሁለት እጄ ደረታቸውን ገፋሁ፤ ከነጠረጴዛው ወደቁ፣ ባቡሯም በላያቸው። ከንፈራቸው ተሰንጥቆ ደሙ ነጭ ጺማቸውን አራሰው። የባቡሯ ጭስ ማውጫ ተጣሞ ሳይ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ አለኝ።

በማግስቱ አለቃዬ እብጠቴን አይታ ምን ሆንሽ አለችኝ። ኮሙኑ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማ ሽማግሌውን ብቻቸውን አያኖራቸውም፤ መግፋቴ ከተሰማ ደግሞ እኔ ሥራ የለኝም። የመዶሻውን ነገር ነገርኳት። መግፋቴን ዋጥኩት።

ወር ሳይሞላ ወደ አረጋውያን መኖሪያ አዛወሯቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው ተብሎ ባቡሯን ከለከሏቸው።

«የከንፈራቸውን ቁስል ጠይቀናቸው ነበር» አለችኝ አለቃዬ። «ባቡሬን ላነሳ ስል ወደቅኩ ነው ያሉት። ስላንቺ አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም።»

ገፍቼያቸው ነው ልል አፌ ድረስ መጣ። የሚቀጥለውን ቤት ቁልፍ ዘረጋችልኝ፤ ተቀብዬ ወጣሁ።