ለእንግሊዝኛ ፈተና ሀርሺን ከብት ገበያ

ቅዳሜ ማለዳ ከጅጅጋ ወደ ሀርሺን የተነሳሁት እንግሊዝኛ ለመናገር ነው። «ሰው ለእንግሊዝኛ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል እንጂ!» ብሎ ሾፌሩ ስቆብኛል።

የብቃት ፈተናው አዲስ አበባ ነው፤ የቀረኝ አንድ ሳምንት ነበር። ካለፍኩ ውጭ አገር ያገኘሁት የነፃ ትምህርት ዕድል ይጸናል፤ ከወደቅሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ማንበቡና መጻፉ አላሰጋኝም፤ ከመጻሕፍትና ከካሴት ብቻዬን ተምሬያለሁ። ያስፈራኝ ከፈታኝ ጋር ፊት ለፊት የሚደረገው ንግግር ነው። ከሰው ጋር እንግሊዝኛ አውርቼ አላውቅም። አንድ መምህር ሊያለማምደኝ ሞክሮ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩን በሆዴ አስተካክዬ ሳልጨርስ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። «ፈታኙም አይጠብቅህም» አለኝ።

መላ ያመጣችው የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኛ የሆነችው ነጋዴዋ ፈርዶሳ ናት። «ሀርሺን ከብት ገበያ የሚሠራው አባቴ ጋ ሂድ። በርበራ ወደብ ከመርከበኞች ጋር በእንግሊዝኛ ሲጨቃጨቅ ነው ያደገው። ዝም በል ቢሉትም አይልም።»

መንገዱ

ኋላው ክፍት በሆነ ላንድክሩዘር ከስኳር ከረጢቶች ጋር ተጫንን። እስከ ቀብሪበያህ መንገዱ ደህና ነው፤ ከዚያ ወዲያ አቧራ ነው። ሜዳው እየሰፋ ዛፉ እያነሰ ይሄዳል። የግጦሹ መሬት በእሾህ ታጥሯል፤ በርካ የሚባሉት የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች በቆርቆሮና በጭራሮ ተከድነዋል። ሀርቲሼክ ላይ ወርደን አንጄሮ የሚሉትን የሶማሌ እንጀራ በግመል ወተት ሻይ በላን። አጠገቤ የተቀመጡት፣ በጎች ሊሸጡ የሚሄዱት ሽማግሌ ሁለት ጊዜ በሶማሊኛ ሊያጫውቱኝ ሞክረው፣ እንዳልሳሳት ፈርቼ ስላልመለስኩላቸው ተዉኝ።

ገበያው

የፈርዶሳን አባት ጃማን ያገኘኋቸው በበጎች መሐል ነው። ደላላ ናቸው፤ ሁሉም «አዴር»፣ አጎቴ እያለ ይጠራቸዋል። የአንድ ገዢ እጅ ጨብጠው ፎጣ ጣል አድርገውበት ነበር። ሁለቱም ዝም ብለዋል። በዙሪያ የቆመው ሰው እንዳያውቅ ዋጋ የሚነጋገሩት ከፎጣው ሥር በጣት ነው። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ዝምታ ልማር አልነበረም።

ሽያጩ ሲያልቅ ጉዳዬን ነገርኳቸው። ወዲያው በእንግሊዝኛ ጅጅጋ ምን ዓይነት ከተማ እንደሆነች ጠየቁኝ። ዝም አልኩ።

«ምን እየሠራህ ነው?» አሉ በአማርኛ።

«ዓረፍተ ነገሩን እያስተካከልኩ ነው፣ አዴር።»

«እጅህን አምጣ።» ጨበጡኝና ፎጣውን ጣሉበት። «የመጀመሪያውን ዋጋ ስጠራ ልክ ነው ብዬ ይመስልሃል? ልክ እንዳልሆነ ገዢውም ያውቃል። ግን ካልጠራሁ ጥሎኝ ይሄዳል። አንተም ጥራ፤ ከዚያ ታስተካክላለህ።»

እንደገና ጠየቁኝ። ዝም ባልኩ ቁጥር ጣቶቼን ይጨምቁኛል፤ መዳፋቸው ጉጠት ነው። እየተሳሳትኩ ጀመርኩ። ሰው ከበበን።

«ጃማ፣ ልጁ ግመል ነው እንዴ የሚገዛው? እስካሁን አልተስማማችሁም?» አለ አንድ በግ ሻጭ።

«ምላሱን ሊሸጥ ነው የመጣው። ጥሩ ዋጋ ሳላገኝለት አልለቀውም።»

«ምላስማ ከነጭንቅላቱ ነው የሚሸጠው!» አለ አንድ ሥጋ ሻጭ።

«ጭንቅላቱን ለፈተናው እፈልገዋለሁ» አልኩ እኔ።

ያልኩት በእንግሊዝኛ ነበር። አዴር ጃማ ጣቴን ለመጭመቅ ጊዜ አላገኙም። ለሰዎቹ ሲተረጉሙላቸው ገበያው ሳቀ፤ እሳቸውም እጄን ለቀው ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ።

መልስ

ስመለስም ከጠዋቱ ሽማግሌ ጋር ተገናኘን። በተሰባበረ ሶማሊኛዬ በጎቻቸው ተሸጠውላቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አርመውኝ መለሱልኝ፤ እያወራን ጅጅጋ ገባን። ፈርዶሳ «እሺ፣ አወራህ?» ስትለኝ የቀሉ ጣቶቼን አሳየኋት።

እንግሊዝኛዬ በአንድ ቀን አልጨመረም። ሀርሺን የተማርኩት የመጀመሪያውን ዋጋ መጥራት ብቻ ነው።

በሳምንቱ አዲስ አበባ ተፈተንኩ፤ ንግግሩንም አለፍኩ። ፈታኟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ከተማዬ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ቀኝ እጄን በግራዬ ጨበጥኩና ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስህተት ነበር። ሁለተኛው ላይ አስተካከልኩት።