የባሕረኛው ሰዓት

ልጄ ባለፈው ሳምንት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና አንድ የእጅ ሰዓት አሳየችኝ። ያገለገለ፣ ኦሪጅናል የስዊስ፣ በባትሪ የሚሠራ የጠላቂዎች ሰዓት ነው፤ ለእጮኛዋ ልትገዛው አስባለች። "ሁለት መቶ ሜትር ውኃ ውስጥ ይችላል" አለችኝ። እጮኛዋ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ ሲሚንቶ የሚሸጥ ልጅ ነው፤ ዋና እንኳ አይችልም። ልቀልድባት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ዙሪያው ላይ የሚዞረውን ጥቁር ቀለበት ሳየው እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ ሰዓት መግዛቴ ትዝ አለኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም ነበር። ነቀምቴ ውስጥ አዲስ መምህር ነኝ። ቤተሰቦቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው፤ ሁለት ታናናሾቼን መንገድ ላይ ቀብረናል። ከዚያ ወዲህ ውስጤ ደንዝዟል። ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ፣ ንፍሮዬን እበላለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። ሰው ጨዋ፣ ቻይ ይለኝ ነበር። ቻይነት አልነበረም፤ ምንም ስለማይሰማኝ ነው።

ክረምት ነበር። ዝናብ ሸሽቼ ገበያው ዳር ካለች የሰዓት ጠጋኝ ሱቅ ቆሜ የተጠበሰ በቆሎ ስፈለፍል፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የነካቸው ሽማግሌ ገቡ። ኦቦ ዲንሳ ይባላሉ፤ የመጡት ከአርጆ ነው። በመሐረብ የቋጠሩትን ሰዓት ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከባድ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ጥቁር ላስቲክ ማሰሪያ። ልሸጠው ነው አሉ።

ሰዓቱ የልጃቸው የገመቹ ነበር። ገመቹ ቀይ ባሕር ላይ ጠላቂ ባሕረኛ ነበር፤ ከአንድ የውጭ መርከበኛ ገዝቶት፣ ለመጨረሻ ጊዜ በፈቃድ ሲመጣ እናቱ እጅ ላይ ትቶት ሄደ። "ይኼ እስከሠራ ድረስ እኔም አለሁ" ብሎ ቀልዶባቸው። ከዚያ ጦርነቱ አለቀ። የሌላው ልጅ አንድ ሁለት እያለ ገባ፣ ገመቹ አልገባም። እናቱ አዴ ጫልቱ ጠዋት ጠዋት ሰዓቱን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። ቀጭ ቀጭ ሲል ከሰሙ ያን ቀን ደህና ይውላሉ።

"ታዲያ ለምን ይሸጡታል?" አልኳቸው።

"ይኼው ሰውዬ ነው ያለፈው ገበያ የነገረኝ" አሉ ወደ ጠጋኙ እያመለከቱ። "የሚሞላ አይደለም፤ ውስጡ ባትሪ አለው፣ ሲያልቅ ይቆማል አለኝ። ባትሪው ደግሞ እዚህ አገር የለም። ቤቴ ውስጥ ከቆመ እሷን አጣታለሁ። እየሠራ ይውጣ።"

"እሳቸውስ ፈቀዱ?"

"ቆርቆሮ ልገዛበት ነው አልኳት። እሺ አለች፤ እኔም ገረመኝ።"

ዝናብ ያስጠለላቸው ሰዎች የጠፋ ሰው ዕቃ ገድ የለውም ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ገዛሁት። አዝኜላቸው አይደለም፤ ሰዓት አልነበረኝም፣ ዕቃውም ያምራል። ኦቦ ዲንሳ ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ ማሰሪያውን ጠጋኙን አስፈትተው ኪሳቸው ከተቱት።

"ማሰሪያውስ፣ ኦቦ?"

"በሬ ሲሸጥ ገመዱ ለቤቱ ነው፣ በርሲሳ። ገመድ ከወጣ በረከት አብሮ ይወጣል።" በርሲሳ ማለታቸው መምህር ነው፤ ጠጋኙ ነግሯቸዋል። መዳፋቸውን ዘርግተው መርቀውኝ ወደ ጭቃቸው ተመለሱ። እኔም በሬ እንደገዛ ሰው ሌላ ገመድ ፍለጋ ሄድኩ።

ሰዓቱ ክረምቱን አልተሻገረም። አንድ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳየው ቆሟል። ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ ምንም። ግን አላወለቅኩትም። ከአርጆ የመጣ ሰው ባዶ እጄን አይቶ እንዳያወራ ብዬ ነው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ገበያ ውስጥ አንጮቴ፣ ያን የወለጋ ሥራ ሥር፣ ስመርጥ ሻጯ እጄን ትኩር ብለው አዩት።

"አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ? ደህና ነህ ልጄ? ከአርጆ ሰውዬ የገዛኸው ነው?"

ነው አልኩ።

"እኔ የገመቹ እናት ነኝ።"

እጄን ልሰበስብ ስል ቀደሙኝ። አፈር በነካው እጃቸው አንጓዬን ይዘው ሰዓቱን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ዙሪያችን ሰው በሁለት ቋንቋ ይከራከራል፣ በግ ይጮኻል። ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ እጄን ቀስ አድርገው አንጮቴው ላይ መለሱልኝ። ፊታቸው አልተለወጠም።

"እንደሚያልቅ አውቅ ነበር" አሉ። "ገመቹ ነግሮኛል። አባቱ ግን ከእኔ ቀድሞ እየተነሳ ያዳምጠው ነበር፤ የተኛሁ ይመስለዋል። እሱ እያዳመጠ እንዳይቆምበት ነው እሺ ያልኩት። ከጠየቀህ ይሠራል በለው።"

"እሺ፣ አዴ" አልኩ።

አንጮቴውን መዝነው ምርቃት ጨመሩልኝ። ቤቴ ገብቼ ቀቀልኩት፣ በቅቤና በሚጥሚጣ በላሁት። ጣፍጦኛል።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ዲንሳን ብዙ ጊዜ ገበያ አገኘኋቸው። ውሸቱን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። ስለ ዝናቡ ይጠይቁኛል፣ ስለ ተማሪዎቼ፣ ስለ በቆሎ ዋጋ። ስለ ሰዓቱ እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ወደ እጄም አይተው አያውቁም።

"አባዬ፣ ልግዛው ወይስ ይቅር?" ትላለች ልጄ።

ግዢው አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ የሚገባኝ ይህን ያህል ነው፦ እነዚያ ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው ብለው እንባቸውን ያዙ። እኔ ግን ያላለቀስኩት ለማንም ብዬ አልነበረም።