ካሴት ይዛ ፕራግ የሄደችው ሀረገወይን

እህቴ ሀረገወይን ቫኬሽን የወጣችው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም ያበላሸሁባት እኔ ነኝ። ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ስምንት ዓመት ስትሠራ፣ ደወል በተደወለ ቁጥር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስትሮጥ፣ ምኞቷ አንድ ብቻ ነበር፦ ማንም ሳይጠራት፣ ደስ ባላት መንገድ፣ ቀስ ብላ መራመድ። እንደ ፈረንጆቹ በ1996 ግንቦት ላይ የአንድ ሳምንት ፈቃድ አገኘችና የት ልሂድ ብላ አማከረችኝ።

የት እንደማትሄድ ግን ታውቃለች። ሮም የሚሄድ ሐበሻ ሻንጣው የራሱ አይደለም። “እግረ መንገድሽን” እየተባለ የሰው በርበሬ፣ የሰው ጫማ፣ የሰው ፎቶግራፍ ይሞላበታል፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ አድራሻ ፍለጋ ነው። ለንደንም ፍራንክፈርትም ያው ናቸው። እኔ ከሳን ሆዜ ቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ አውጥቼ ሥዕሉን አሳየኋትና “ፕራግ ሂጂ፤ እዚያ ዘመድ ያለው ሐበሻ የለም” አልኳት። ብልጠቴ ለራሴም ስለገረመኝ ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ቁጭ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁት። በደርግ ጊዜ ስንት ልጅ ለትምህርት ወደዚያ እንደተላከ ጭራሽ አላሰብኩም። አፌን በቆረጠው!

በሦስተኛው ቀን፣ እኔም እያለሁ፣ እማማ ወለተ ማርያም እህቴ ቤት መጡ። ኦክላንድ ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው እናት ናቸው። ወንዱ ልጃቸው ስንታየሁ ከአሥር ዓመት በፊት ምሕንድስና ሊማር ፕራግ ሄዷል። “አንድ ዓመት ቀረኝ” ብሎ ከጻፈላቸው ወዲህ ግን አምስት ዓመት ድምፁ የለም። ከነጠላቸው ሥር አንድ ያረጀ ፖስታና አንድ ካሴት አወጡ።

“በአንዱ በኩል እኔ ተናግሬበታለሁ” አሏት። “በሌላው በኩል ባዶ ነው፤ እሱ ይናገርበት።”

“እማማ፣ ባላገኘውስ?”

“ከሞተም ሞቷል በይኝ። ብቻ ልወቀው።”

እሳቸው እንደወጡ እህቴ ወደኔ ዞረች። “ባስልኤል፣ ያንተ ነገር! ኦፍ የወሰድኩት እኮ ሬስት ላደርግ ነው!” አለችኝ። ካሴቱን ግን ከፓስፖርቷ ጋር አስቀመጠችው። እህቴን የምወዳት ለዚህ ነው፤ ስትነጫነጭ ትቆይና ከሁላችን በላይ ታደርገዋለች።

ፖስታው ላይ የነበረው አድራሻ የተማሪዎች ማደሪያ ነው። በደረሰች ማግስት ሄደች። በረኛው እንግሊዝኛ የማያውቅ ሽማግሌ ነበር። ስሙን ሲያነብ ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ ውጭ ጠቆማት፤ ከዚያ በጉልበቱ ተንበርክኮ መሬቱን በቡጢ ደበደበና በመዳፉ ዳበሰው። ሀረገወይን ተንበርክኮ መሬት የሚደበድብ ሰው የምታውቀው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ፊቷን ሸፍና እዚያው በሩ ላይ አለቀሰች። ሽማግሌው ደንግጦ ውኃ አመጣላት።

የዚያን ዕለት ደወለችልኝ። “ልጁ ተቀብሯል። ላንተ ነው የምነግርህ፤ ትንፍሽ እንዳትል። ስመጣ ሽማግሌ ይዘን በማለዳ ሄደን እናረዳቸዋለን” አለችኝ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ አፌን ዘጋሁ። እማማ በየቀኑ እየደወሉ “ምን አለች?” ሲሉኝ፣ ገና አልደወለችም እያልኩ ዋሸኋቸው። እንዲያ ያለ ሳምንት ለጠላቴም አልመኝም።

እሷ ደግሞ መርዶ በሆዷ ይዛ ከተማውን በእግሯ ዞረችው። ሆቴል ተቀምጣ ማልቀስ አልቻለችም፤ መራመድ ይሻላታል። ከመጽሐፉ ላይ የመረጠችውን ሁሉ አየች፦ ትልቁን የአደባባይ ሰዓት፣ ጠባቦቹን መተላለፊያዎች፣ ቀያዮቹን የቤት ጣሪያዎች። መንገዱ ግን በትናንሽ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። የመጦሪያው ቤት ለስላሳ ወለል የለመደው እግሯ ቆሰለ። “ይህን የደረደረ እጁን ይቁረጠው!” እያለች ነበር የምትሄደው።

በአራተኛው ቀን አንድ መንገድ ታጥሮ አገኘች። ሦስት ሠራተኞች ተንበርክከው ድንጋይ በመዶሻ እየመቱ ይተክላሉ። አንዱ መትቶ ሲጨርስ በመዳፉ ዳበሰው። ሀረገወይን ቆመች። የሽማግሌው በረኛ እጅ ትዝ አላት። ፖስታውን አውጥታ ስሙን ስታሳያቸው፣ ሰውዬው ስቆ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ዳገት ጠቆማት። የድንጋዩን ድልድይ በሩጫ ተሻገረች። ዓለም ሁሉ ሊያየው የሚመጣው ድልድይ ነው፤ እሷ ግን ግራ ቀኙ ላይ ከተደረደሩት ሐውልቶች አንዱንም አላየችም።

ዳገቱ ላይ አንድ ጥቁር ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተንበርክኳል።

“ስንታየሁ!” ብላ ጮኸች።

ቀና አለ። “እትዬ፣ ማን ልበል?”

“ማን ልበል ይለኛል እንዴ! ሦስት ቀን ሙሉ ያለቀስኩልህ ነኛ! ድንጋይህንም ስረግም የከረምኩት እኔ ነኝ!” አለችና አሸዋው ክምር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ የትምህርት ወጪው ተቋረጠ፤ ስንታየሁ ሳይመረቅ ቀረና መዶሻ ያዘ። እናቱ ለአገር ምድሩ “ልጄ መሐንዲስ ነው” እንዳሉ ያውቃል። ዛሬ ልጻፍ፣ ነገ ልጻፍ ሲል አምስት ዓመት ሆነው። ማታ ክፍሉ ወስዶ ካሴቱን ሲያዳምጥ እህቴ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ እሱ ብቻውን ሲናገርበት አሁንም ወጣችለት። ወሬው ከአፌ እንዳያመልጥ ፈርታ ለእኔ እንኳ እስክትመለስ አልነገረችኝም።

በመጨረሻው ቀን ሥራ አልገባም፤ በቆሰለ እግሯ ልክ እያዘገመ ከተማውን አዞራት። ቤተ መንግሥቱን ዝም ብሎ አለፈው። “ይቺን ጥግ የደረደርኳት እኔ ነኝ” ይላታል፤ “ይሄን ደግሞ ክረምት ላይ፣ እጄ ደርቆ።” እሷም ቆም ብላ ታይለታለች። ያን ቀን ማንም አልጠራትም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብሬያት እማማ ቤት ሄድኩ። እህቴን ሁለት እጇን ይዘው ነው ያስገቧት።

“አለ?”

“አለ፣ እማማ። ደህና ነው።”

“መሐንዲስ ሆነ?”

ሀረገወይን እኔን አላየችኝም። “መሐንዲስስ አልሆነም። መንገድ ይሠራል፣ በገዛ እጁ። እኔ ሄጄበታለሁ፤ ጥሩ መንገድ ነው” አለቻቸው።

ካሴቱን ገልብጠን ከፈትንላቸው። አንድ ጎርናና ድምፅ “እማዬ” አለና ተቋረጠ። አፍንጫውን ሲስብ ይሰማል። እንደገና “እማዬ” አለ፤ እንደገና ተቋረጠ።

እማማ ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠጉ።

“ጉንፋን ይዞታል እንዴ?” አሉ።

“አዎ እማማ፤ አገሩ ብርድ ነው” አለች እህቴ።

“እኔንም ይዞኛል” አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።